የልብስ ዋጋ፦ የአለባበስ ንዑስ ባህሎች ከጎዳና እስከ ኢንተርኔት

አንድን ሰው መንገድ ላይ ስናየው ገና አፉን ከፍቶ ሳይናገር ብዙ ነገር ወስነንበት እናልፋለን። ፀጉሩን ድሬድ ያደረገውን "ዱርዬ" እንለዋለን፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት ያሰረውን ወይ የባንክ ሠራተኛ ወይ ሚዜ እናደርገዋለን፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰችውን ልጅ ደግሞ "ማን ሞቶባት ይሆን?" እንላለን። በእርግጥ አንዳንዴ ልክ እንሆናለን። ብዙ ጊዜ ግን የምንሰማው ልብሱ የሚናገረውን ሳይሆን እኛ ልንሰማ የፈለግነውን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ በአለባበሳቸው ከሌላው የሚለዩ ንዑስ ባህሎች ናቸው። ንዑስ ባህል ስንል በሰፊው ኅብረተሰብ ውስጥ እየኖሩ የራሳቸውን አለባበስ፣ ሙዚቃ፣ አነጋገርና መገናኛ ቦታ ይዘው ራሳቸውን የሚለዩ ሰዎችን ማለታችን ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፦ አንድ የአለባበስ ስልት ትርጉም የሚያገኘው ከጨርቁ ወይም ከቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ዋጋ ሲባል ብር ብቻ አይደለም። ስድብ አለ፣ ከበር መመለስ አለ፣ ዱላም አለ። ኢንተርኔት ይህን ዋጋ ለለባሹ በጣም አቅልሎታል። ይሁን እንጂ ዋጋው አልጠፋም፤ የሚከፍለው ሰው ነው የተቀየረው። ይህንን ለማየት ጥቂት ታሪኮችን በቅደም ተከተል እንመልከት። (ዓመታቱ "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሰው ያስደበደበ ሙሉ ልብስ

ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ከተሞች፣ በተለይም በኒውዮርኩ ሐርለም፣ ዙት ሱት የሚባል ሙሉ ልብስ በጥቁር ወጣቶች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። ኮቱ እስከ ጉልበት የሚወርድና ትከሻው የሰፋ ነው። ሱሪው ደግሞ ከወገብ በላይ ተስቦ ይታጠቅና ጉልበት ላይ እንደ ጆንያ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠባል። ማልኮም ኤክስ በ1965 በታተመው ግለ ታሪኩ በወጣትነቱ ይህን ልብስ በዱቤ ገዝቶ እንደ ለበሰ ይተርካል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች የራሳቸው መለያ አደረጉት።

ታዲያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በመጋቢት 1942 የአሜሪካ መንግሥት የጦርነት ምርት ቦርድ የሱፍ ጨርቅ ለሠራዊቱ እንዲቆጠብ በሲቪል ልብስ ላይ የሚውለውን የጨርቅ መጠን ገደበ። ዙት ሱት ደግሞ ጨርቅ የሚበላ ልብስ ነው። ልብስ ሰፊዎች በድብቅ መስፋታቸውን ቀጠሉ፤ ለባሹ ግን በአንድ ጊዜ "አገር የማይወድ" ተባለ። ልብሱ ያው ነው። ትናንት ጌጥ የነበረው ዛሬ ክህደት ሆነ ማለት ነው።

ከሰኔ 3 እስከ 8 ቀን 1943 ባሉት ቀናት በሎስ አንጀለስ የሠፈሩ መርከበኞችና ወታደሮች በቡድን በቡድን ሆነው ሲኒማ ቤት እየገቡ፣ የከተማ ባቡር እያስቆሙ ዙት ሱት የለበሱ ወጣቶችን ደበደቡ፤ ልብሳቸውንም እየገፈፉ ራቁታቸውን መንገድ ላይ ጣሏቸው። ፖሊስ በአብዛኛው ያሠረው ተደብዳቢዎቹን ነበር። የከተማው ምክር ቤትም ደብዳቢዎቹን በማውገዝ ፈንታ ዙት ሱት መልበስ እንዲከለከል የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ። በኋላ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ የዘር ጥላቻ ለግርግሩ ዋና ምክንያት መሆኑን ሲገልጽ የከተማው ከንቲባ ግን ይህንን አልተቀበሉም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተደበደበው ጨርቁ አይደለም፤ ጨርቁን የለበሰው ሰው ቀድሞውንም የማይፈለግ ሰው ስለ ነበር ነው ጨርቁ ወንጀል የሆነው።

2. ከጌቶች ወደ ሠፈር ልጆች

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ሳቪል ሮው የሚገኙ ታዋቂ ልብስ ሰፊዎች ለሀብታም ደንበኞቻቸው በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን የነበረውን ረጅም ኮትና ጠባብ ሱሪ እንደገና መስፋት ጀመሩ። የታሰበው ለጌቶች ነበር። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ለንደን የሠራተኛ መደብ ወጣቶች ስልቱን ወሰዱት፤ ኮሌታው ላይ ከፋይ ጨመሩበት፤ ወፍራም የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ አደረጉበት። ጌቶቹም ወዲያው ስልቱን ጣሉት። "ቴዲ ቦይስ" የሚለው ስም በ1953 በጋዜጣ ርዕስ ላይ ወጥቶ ከዚያ በኋላ ተለመደ። አንዳንድ የዳንስ አዳራሾችና ሲኒማ ቤቶችም እንዲህ የለበሰ እንዳይገባ የሚል ማስታወቂያ በራቸው ላይ ለጠፉ።

ቀጥለው ሞዶች መጡ። የጣሊያን ስፌት ሙሉ ልብስ፣ ቬስፓና ላምብሬታ ሞተር ሳይክል መለያቸው ነበር። በ1964 የፋሲካ በዓል ሰሞን ክላክተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሞዶችና የቆዳ ጃኬት የሚለብሱት ሮከሮች ተጋጩ። ጋዜጦቹ ከተማዋ የተወረረች አስመስለው ጻፉ። ስታንሊ ኮኸን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጉዳዩን አጥንቶ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ጋዜጦቹ ነገሩን ከመጠን በላይ እንዳጋነኑትና ማጋነኑ ራሱ ተጨማሪ ግጭት እንደ ወለደ አሳየ። "የሞራል ድንጋጤ" የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በሰፊው የታወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው።

በዚያው ዘመን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በ1964 የተመሠረተው የዘመናዊ ባህል ጥናት ማዕከል ስለ እነዚህ ወጣቶች በስፋት ማጥናት ጀመረ። በስቱዋርት ሆል መሪነት የሠሩት ተመራማሪዎች ክርክራቸው በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ የሠራተኛው ልጅ የቤት ኪራይን፣ የሥራ ዕጦትንና የትምህርት ቤትን ችግር በልብስ ሊፈታው አይችልም፤ ነገር ግን በልብስ መልስ ይሰጣል። አለባበሱ ችግሩን ሳይፈታ ችግሩ መኖሩን ይናገራል። ይህ አባባል ዛሬም ቢሆን ለትምህርታችን የሚጠቅም ይመስለኛል።

3. መርፌ ቁልፍና የገበያ ጉልበት

ከዚሁ ማዕከል የወጣው ዲክ ሄብዲጅ በ1979 ስለ ንዑስ ባህልና ስለ ስልት ትርጉም የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ እስካሁን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። ዋና ምሳሌው ፓንክ ነው። በለንደን ኪንግስ ሮድ ቁጥር 430 ቪቪየን ዌስትውድና ማልኮም ማክላረን በከፈቱት ሱቅ ዙሪያ የተሰበሰቡት ወጣቶች የተቀደደ ሸሚዝ፣ የውሻ ማሰሪያ ሰንሰለት፣ የቆሻሻ መጣያ ላስቲክና መርፌ ቁልፍ ለጌጥ አዋሉ። መርፌ ቁልፍ እንግዲህ የሕፃን ጨርቅ ማያያዣ ነው። እነሱ ጉንጫቸውና ጆሯቸው ላይ ሰኩት። ሄብዲጅ ይህንን ከየቦታው የተለቃቀመ ዕቃን አዲስ ትርጉም ሰጥቶ መገጣጠም ይለዋል። ዕቃው ከተለመደው ቦታው ሲነሳ ተመልካቹ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ራሱ መልእክት ነው።

የሄብዲጅ ሁለተኛ ሐሳብ ግን ይበልጥ ይጠቅመናል። ኅብረተሰቡ ያስደነገጠውን ስልት በሁለት መንገድ መልሶ ይውጠዋል ይላል። አንደኛው ሸቀጥ ማድረግ ነው። በ1977 ዛንድራ ሮድስ የተባለችው ታዋቂ ዲዛይነር በጌጥ መልክ የተሠራ መርፌ ቁልፍ ያለበት ውድ ቀሚስ ለገበያ አቀረበች። ፓንክ ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም ማለት ነው! ሁለተኛው መንገድ "እነሱም እኮ እንደ እኛው ልጆች ናቸው" ብሎ ማላመድ ነው። የቪቪየን ዌስትውድ ሕይወት ሁለቱንም ያሳየናል። በንግሥቲቱ ላይ በሚያላግጡ ካናቴራዎች የታወቀችው ሴት በ2006 "ዴም" የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀበለች። በ2013 ደግሞ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለ ፓንክ ፋሽን ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየ። ስልቱ ሙዚየም ሲገባ ዋጋው ለተመልካቹ የመግቢያ ትኬት ብቻ ሆነ።

4. አንድ ልብስ፣ ሁለት ትርጉም

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ በ1970ዎቹ ዛየርን ወደ አፍሪካዊ ማንነት እመልሳለሁ ብለው ኮትና ከረባትን ከለከሉ፤ በምትኩ ወንዶች "አባኮስት" የሚባል ልብስ እንዲለብሱ አደረጉ። ስሙ ራሱ በፈረንሳይኛ "ሙሉ ልብስ ይውደም" ከሚል አባባል የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ፓፓ ዌምባ የተባለው ዘፋኝና ተከታዮቹ የአውሮፓ ዲዛይነሮችን ውድ ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ። ከወንዙ ማዶ በብራዛቪል ሥር የሰደደው የ"ሳፔር"ነት ባህል ማለትም አምሮ የመልበስ ማኅበርተኝነት በኪንሻሳ የእምቢተኝነት መልክ ያዘ። ለንደን ውስጥ ከረባት የታዛዥ ሠራተኛ ምልክት ነው። ኪንሻሳ ውስጥ ደግሞ ለመንግሥት አለመታዘዝ ነበር። ልብሱን ብቻ አይቶ ትርጉሙን ማወቅ አይቻልም የምንለው ለዚህ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቷል፤ ለዚያውም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ታዳሚዎች ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ ፖሊስ ጣልቃ ገባ፤ ግጭትም ተፈጠረ። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ሕዝቡ እየተራበ የምዕራባውያንን ሚኒ ስከርት ማሳየት የባህል ወረራ ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ክብደት አለው። ይሁንና ሌላም ጥያቄ ያስነሳል። የሙሉ ልብስና የጃኬት ምንጭም ከውጭ ነው፤ የወንዶቹ ልብስ ግን ያን ያህል አላስቆጣም። የባህል ጠባቂነቱ ሸክም ያረፈው በሴቶቹ ቀሚስ ላይ ነበር። በልብስ የተነሳ ዋጋ ሲከፈል ሁሉም እኩል እንደማይከፍል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

5. ከመኝታ ቤት ግድግዳ ወደ ስልክ

የበርሚንግሃም ጥናቶች ላይ ጠንካራ ትችት ያቀረቡት እዚያው የነበሩ ሴቶች ናቸው። አንጄላ ማክሮቢና ጄኒ ጋርበር በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ "ሴቶቹ የት ሄዱ?" ዓይነት ጥያቄ አነሱ። ተመራማሪዎቹ የሚያዩት ጎዳናን ነው፤ ጎዳና ላይ ማምሸት የሚፈቀድለት ደግሞ ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ እናቷን የምታግዝ፣ በጊዜ ቤት የምትገባ ናት። የእሷ ንዑስ ባህል መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው ያለው፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዘፋኝ ፎቶ፣ ከመጽሔት የተቆረጠ ሥዕል፣ ከጓደኛ ጋር ሙዚቃ መስማት፣ መስታወት ፊት ልብስ መሞከር።

ለእኔ እንደሚመስለኝ የዛሬው ኢንተርኔት ከጎዳናው ይልቅ ለዚህ መኝታ ቤት ይቀርባል። በ2007 የተጀመረው ተምብለር፣ በ2010 የመጡት ፒንተረስትና ኢንስታግራም፣ ከእነሱም በኋላ ቲክቶክ ያደረጉት ነገር ቢኖር የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ለዓለም ማሳየት ነው። ሥዕል ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ ሌላው ያየዋል። "ኤስተቲክ" የሚለው ቃልም በዚህ ዓለም ውስጥ ትርጉሙን ቀየረ። በፍልስፍና ክፍል የውበትን ምንነት የሚመለከት የጥናት ዘርፍ ነው፤ በስልክ ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ስሜት የሚሰጡ ሥዕሎች፣ ልብሶችና ቀለሞች ስብስብ ማለት ሆኗል።

ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቀድሞ በመጀመሪያ ሰዎቹ ነበሩ፤ ስሙን ጋዜጣ ወይም ሕዝቡ በኋላ ያወጣላቸዋል። አሁን ብዙ ጊዜ ስሙ ይቀድምና ሰዎቹ ይከተላሉ። ጥሩ ምሳሌ "ሲፓንክ" ነው። በ2011 አንድ ዲጄ ትዊተር ላይ ስለ ባሕርና ስለ ፓንክ ጃኬት በጻፈው ቀልድ ተጀመረ። ሰዎች ፀጉራቸውን ውኃ ሰማያዊ እየቀቡ የዶልፊን ሥዕል እየለጠፉ ተቀላቀሉ። በኅዳር 2012 ሪሃና በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስትዘፍን ከጀርባዋ ያንን የመሰለ ምስል ታየ። ጀማሪዎቹ "ተሰረቅን" አሉ፤ ነገሩም ብዙም ሳይቆይ ተቀዛቀዘ። ከቀልድ እስከ ቴሌቪዥን የወሰደው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ሌላው ምሳሌ "ኮቴጅኮር" ነው። በ2018 አካባቢ ስም ወጥቶለት በ2020 በኮሮና ምክንያት ሰው ቤቱ ሲዘጋበት በጣም ተስፋፋ። የገጠር ጎጆ፣ አበባ ያለበት ረጅም ቀሚስ፣ በቤት የተጋገረ ዳቦ፣ የዱር አበባ መልቀም ነው ይዘቱ። በእርግጥ ደስ ይላል፤ ለተጨነቀ ሰውም ማረፊያ ነው። ገጠር ያደገ ተማሪ ግን አንድ ነገር እንደጎደለው ወዲያው ያያል። ውኃ የሚቀዳ የለም፣ እንጨት የሚለቅም የለም፣ ጭስ ዓይኑን የሚያቃጥለው የለም። ሥዕሉ ሥራውን አውጥቶ ውበቱን ብቻ ነው ያስቀረው።

6. ዋጋው የት ሄደ?

እዚህ ላይ "ኢንተርኔት ንዑስ ባህልን ገደለው" ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን አልስማማም። ሣራ ቶርንተን በ1995 ስለ ዳንስ ቤቶች ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው መገናኛ ብዙኃን ከመጀመሪያውም የንዑስ ባህል ጠላት ብቻ አልነበሩም፤ ሲፈጠርም አብረው ነበሩ። "ቴዲ ቦይስ" የሚለውን ስም ያስለመደው ጋዜጣ መሆኑን አይተናል። ደግሞም ኢንተርኔት ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በትንሽ ከተማ ብቻውን ለሚኖር፣ እሱን የመሰለ አንድም ሰው በአካባቢው ለሌለ ልጅ ስልኩ "ብቻህን አይደለህም" ይለዋል። ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት ልጅም ከዓለም ጋር ትገናኛለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ዋጋው እንዳልጠፋ ሁለት ነገሮች ያሳያሉ።

አንደኛ፣ ከስልኩ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አሁንም ይከፍላል። በነሐሴ 2007 በሰሜን እንግሊዝ የጎቲክ አለባበስ ይከተሉ የነበሩ አንዲት የ20 ዓመት ወጣትና ጓደኛዋ መናፈሻ ውስጥ በወጣቶች ተደበደቡ፤ እሷ ከቀናት በኋላ ሞተች። ፍርድ ቤቱ ጥቃቱ የደረሰባቸው በመልካቸውና በአለባበሳቸው ከሌላው በመለየታቸው ብቻ መሆኑን ገለጸ። ከዚህ በኋላ የማንቸስተርና አካባቢው ፖሊስ በ2013 እንዲህ ዓይነት ጥቃቶችን በጥላቻ ወንጀልነት መመዝገብ ጀመረ። ያን ጊዜ የጎቲክ ልብስ በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ በገበያ "ተውጦ" ነበር። ገበያ መግባቱ ግን ልጅቷን አላዳናትም።

ሁለተኛ፣ በስልክ ላይ በየወሩ አዲስ ስም ሲመጣ በየወሩ አዲስ ልብስ ያስፈልጋል። በየወሩ የሚቀየር ልብስ ርካሽ መሆን አለበት፤ ርካሽ እንዲሆን ደግሞ አንድ ሰው በትንሽ ደመወዝ መስፋት አለበት። በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2016 ስለ ተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 ያወጣው ሪፖርት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበር ገልጿል። የሠራተኞቹ አብዛኛው ክፍል ወጣት ሴቶች ናቸው። ዙት ሱት የለበሰው ልጅ ዋጋውን በገዛ ጀርባው ከፈለ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ፎቶ ተነስቶበት የሚጣለውን ቀሚስ ዋጋ ግን የምትከፍለው ለባሿ የማታውቃት፣ ማሽን ላይ የተቀመጠች ሌላ ልጅ ናት።

7. ለጥናትም ለዕለት ኑሮም

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? በትምህርት ክፍላችን ስለ አለባበስ፣ ስለ ፀጉር አያያዝ ወይም ስለ ንቅሳት ተርም ፔፐር ለመጻፍ የሚያስቡ ተማሪዎች ካሉ ሦስት ጥያቄዎችን እጠቁማለሁ። አንድ፣ ይህንን ስልት የለበሰው ሰው ከመልበሱ በፊት በኅብረተሰቡ ዘንድ ምን ቦታ ነበረው? የሎስ አንጀለሱ ታሪክ ያለዚህ ጥያቄ አይገባንም። ሁለት፣ ልብሱ በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ ምን የተለመደ ትርጉም ነበረው? የኪንሻሳን ከረባት አስታውሱ። ሦስት፣ ዋጋውን ማን ይከፍላል፣ ትርፉንስ ማን ያገኛል? መልሱ ለባሹ፣ ሻጩ ወይም ሰፊዋ ሊሆን ይችላል፤ ጥናቱን የተለየ የሚያደርገውም ይሄ መልስ ነው።

ጥያቄዎቹ ለጥናት ብቻ አይደሉም። ነገ ግቢ ውስጥ ፀጉሩን ጎፈሬ ያደረገ ወይም የተቀዳደደ ጂንስ የለበሰ ፍሬሽማን ስናይ "ምን ሊሆን ነው እንዲህ የሚለብሰው?" ከማለታችን በፊት እንዲህ በመልበሱ ምን እየደረሰበት እንደሆነ ብንጠይቅ ይሻላል። ቤተሰቡ ምን አለው? ዘበኛው በር ላይ ስንት ጊዜ አስቆመው? ዶርም ውስጥ ምን ስም ወጣለት? ከዚያ ዋጋ ውስጥ እኛ የጨመርንበት ስንት እንደሆነም አብረን ማሰብ አለብን።